ኤሊዋ ስትበራ

እናቴን ያሳመማት መኪናችን መሆኑን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነበርኩ። ማስረጃም ነበረኝ። ጠዋት እማዬ በገዛ እግሯ እየሄደች፣ ሻርፗን አሳምራ፣ ግንባሬን ስማኝ መኪናው ውስጥ ትገባለች። አመሻሽ ላይ ያው መኪና ሲመልሳት አባዬ በአንድ በኩል፣ አክስቴ በሌላ በኩል ደግፈው ያስገቧታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ ትተኛለች። ጤነኛ ገብቶበት በሽተኛ የሚወጣበት ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ትልልቆቹ ይህን ማየት ለምን እንዳቃታቸው ይገርመኝ ነበር።

በዚያ ላይ መኪናው ይሸታል። ድሮም ይሸት ነበር፣ ግን ሌላ ሽታ ነበር። አባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ከኋላው ወንበር ሥር የዛገ የቧንቧ ቁራጭ፣ እርጥብ ጆንያና የመፍቻ ሳጥን አይጠፋም፤ ያን የዝገትና የጭቃ ሽታ እወደው ነበር። በዚያ ዓመት ግን መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ማለት ጀመረ። በሩ ሲከፈት አፍንጫ ላይ ዘሎ ይቀመጣል። ዳሽቦርዱም ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በራች። አባዬ "የሞተር መብራት ናት" አለኝ፤ እኔ ሳያት ግን ኤሊ ነች። ጀርባ አላት፣ አንገት አላት፣ አጭር ጭራም አላት። "አባዬ፣ ኤሊዋ በራች" ስለው ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ኤሊዋ ማለት ለመደ።

እናቴ ካንሰር ይዟት እንደነበር ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም። "ትሄዳለች"፣ "ሄዳ መጣች"፣ "ቀጠሮዋ ደርሷል" ብቻ ነበር የሚባለው። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሩቅ ስለነበር ጉዞው ጠዋት ተጀምሮ ማታ ያልቃል። የሚያስታውካት እዚያ በክንዷ የሚገባው መድኃኒት ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ ስላልነበር ባየሁት ፈረድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች፣ እኔ ልጣጩን በባልዲ እሰበስባለሁ። አክስቴ የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ እማዬ ከታመመች ጀምሮ እኛ ጋ ገብታ ቤቱን በአንድ እጇ ይዛው ነበር። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው፤ አባዬና እማዬ የሚሉት ሁሉ ይሰማል።

"ከእንግዲህ በዚያ መኪና አልሄድም" አለች እማዬ።

"ምን ሆነ?"

"ሽታው ነዋ! ገና በሩን ስትከፍተው አንጀቴ ይገለበጣል። መንገዱን ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ፣ እዚያ ደርሼ ደግሞ ያን ሁሉ... አልችልም። አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም።"

የአክስቴ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ግን በደስታ ልፈነዳ ነበር። በመጨረሻ እማዬም ነቃች! መኪናው እንደሚያሳምማት ራሷ ደረሰችበት! ልጣጩን ባልዲ ውስጥ ጥዬ እጄን አጨበጨብኩ። አክስቴ እንዴት እንዳየችኝ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አባዬ ወጥ ቤት ገባ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ቆሞ ጠጣው።

"ሽታው ነው አለች" አለ።

"ሰምቻለሁ" አለች አክስቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሽታው እኮ ሰበብ ነው። ሰው ሲደክመው የሚለው ነው። ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ካቆመች ሐኪሙ ያለውን አብረን አይደል የሰማነው?"

"ሽታው ነው አለች" አለ አባዬ ደግሞ። ብርጭቆውን አለቅልቆ ቦታው መለሰ። "ቀጠሮው ሳይደርስ ሽታውን አጠፋለሁ።"

ያን ቃል እኔ እንደ ሐኪም ቃል ሰማሁት። ሽታው ከጠፋ እናቴ ትድናለች ማለት ነው። ቱታዬን ልለብስ ሮጥኩ። ቱታ አልነበረኝም፤ የአባዬን አሮጌ ሸሚዝ እስከ ጉልበቴ አጥልቄ ግቢ ወጣሁ።

መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን መካኒኩ ነው። ሰፈሩ ካንዴላ ይለዋል፤ እንደ ሞተር ካንዴላ ትንሽ ነገር ስትነካው ቦግ ስለሚል። እሱም ስሙን ወዶት በጋራዡ በር ላይ አጽፎታል። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ኮምፒውተር አለው፤ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክቶ ሲያነበው መኪናው የልቡን ይነግረዋል ይባላል። እኔም አንገቴን አስግጌ፣ ስለ እናቴ ምን እንደሚል ልሰማ ጠበቅሁ።

"ትነት ነው" አለ ካንዴላ። "ቤንዚን ተቀምጦ ዝም አይልም፣ ይተናል። ትነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው መስመር አለ። ከታንኩ ተነስቶ እስከ ሞተሩ ይመጣል። ያ መስመር የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።"

"ማፍሰስ ከሆነ የእኔ ሥራ ነው" አለ አባዬ።

"ስማ ቧንቧው፣ ይሄ እኮ የኩሽና ቱቦ አይደለም። ሰኞ ጋራዥ አምጣውና እናያለን።"

"ወረፋህ እስከ መቼ ነው?"

ካንዴላ ጭንቅላቱን አከከ። ጋራዡ በር ላይ የተሰለፉትን መኪኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቹ ላይ ሣር በቅሏል።

"ኮምፒውተርህን አውሰኝ" አለ አባዬ። "ምክርህን ደግሞ አብረህ።"

"ምክሬን ነው? ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነካው። ግቢህ ውስጥ ክብሪት የሚባል ነገር እንዳይኖር። እና ከቀላሉ ጀምር፤ ከክዳኑ።" ይህን ሲል ከንፈሩ ላይ ሲጋራ ነበር። አባዬ ክንዱን ይዞ በትሕትና ከግቢ አስወጣው።

ክዳኑ ማለት የነዳጅ መሙያው ክዳን ነው። አባዬ ፈትቶ በፀሐይ አየው። ውስጡ ያለችው ክብ የላስቲክ ማሸጊያ፣ ጎሚኒዋ፣ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ጎሚኒ ላይ የሚቀልድ ሰው አይደለም፤ ሰው ቤት ቧንቧ ሲሠራ የሚቀይረው እሷኑ ነው። "ይኸው!" አለኝ፣ ስንጥቁን በጥፍሩ እያሳየኝ። "ቤት የሚያፈርሰው እንዲህ ያለው ነገር ነው።" አዲስ ክዳን ገዛ፣ ገጠመ፣ በኮምፒውተሩ ኤሊዋን አጠፋት። እኔ ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁና "እማዬ፣ ዳንሽ?" አልኳት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና "ትንሽ" አለች። ትንሽ ማለቷ ልክ ነበር፣ በማግስቱ ኤሊዋ ተመልሳ በራች።

አባዬ አልተናደደም። የሚናደደው ተስፋው ያለቀ ሰው ነው፤ እሱ ገና መጀመሩ ነበር። የሰው ቤት ሥራውን በጠዋት ጨርሶ ይመጣል፣ ምሳውን ቆሞ ይጎርሳል፣ የመኪናውን የኋላ እግር በክሪክ አንስቶ፣ እንጨት ደግፎበት፣ ካርቶን አንጥፎ ሥሩ ይገባል። ከእሱ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። እኔ ጫማው አጠገብ ቁጭ ብዬ የጠየቀኝን መፍቻ አቀብላለሁ፤ መጀመሪያ ሁልጊዜ የተሳሳተውን፣ ከዚያ ትክክለኛውን።

አክስቴ ግን ከቀን ወደ ቀን ትግላለች። አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ጫማዎቹን ስታይ የያዘችውን አንሶላ መልሳ ሳፋው ውስጥ ወረወረችው።

"አንተ ሰው!" አለች ለጫማዎቹ። "ሚስትህ ግድግዳ እያየች ተኝታለች፣ አንተ ብረት ታቅፈህ ትውላለህ! ግባና አጠገቧ ተቀመጥ! ለምናት! አልቅስባት! እሷ አልሄድም ያለችው ሕክምናውን ነው፤ መኪናውን አይደለም!"

ከመኪናው ሥር መፍቻ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ለምኛታለሁ" አለ አባዬ ከሥር። "ስለምናት ሽታው ነው ትለኛለች። አሥራ አራቱን ቁልፍ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።"

አሥራ ሁለቱን ሰጠሁት። አክስቴ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አንሶላውን አሰጣች። የእሷን ንግግር ያኔ አልወደድኩትም። አባዬ እናቴን እያከማት እያለ እሷ ተቀመጥ ትለዋለች። ስለ ሕክምና የተናገረችውን ደግሞ የእኛን ሥራ ማለቷ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። አባዬ እንደ ሙያው አሰበ። ቧንቧ የት እንደሚያፈስ ካልታየ ንፋስ ይነፋበታል፣ አረፋ ይቀባበታል፤ የሚያፈሰው ጋ አረፋው ይነፋል። የትነቱን ቱቦ ከሞተሩ በኩል ነቅሎ የብስክሌቴን መንፊያ በጎማ ቁራጭ አገናኘበት። የመጨረሻውን ጫፍ ደፈነ። ልብስ ማጠቢያ ሳሙና በጣሳ በጠበጥን። እኔ የቀለም ብሩሽ ይዤ፣ ትንሽ ስለሆንኩ፣ እሱ ሊገባ በማይችልበት ከኋላው ጎማ በላይ ባለው ቀዳዳ ራሴን ከትቼ ቱቦውን አረፋ ቀባሁት። አባዬ ደግሞ መንፊያውን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ ብዙ ከተነፋ ሌላ ነገር እንደሚበጥስ ካንዴላ አስጠንቅቆታል።

"ምን ታያለሽ?"

"ምንም።"

"አሁንስ?"

"ምንም... አባዬ! አባዬ! ተነፈሰ!"

ቱቦው ታጥፎ ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ አንዲት አረፋ አበጠች። አደገች፣ ቀስተ ደመና ያዘች፣ ፈነዳች። ሌላ ተተካች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጭንቅላቴን ሳወጣ ግንባሬን ከብረት ጋር አጋጭቼ ትልቅ እብጠት አተረፍኩ፤ እሱንም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየዞርኩ አሳየሁት። በዚያው ቀን ቱቦው ተቀየረ፣ ኤሊዋ ጠፋች፣ አባዬ እኔን አስቀምጦ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ኤሊዋ አልበራችም። አባዬ በመሪው ላይ ጣቶቹን እያንኳኳ ያንጎራጉር ነበር። ቀጠሮው በደጅ ስለነበር ለመንገዱ ነዳጅ ልንሞላ ወደ ማደያ ጎራ አልን።

ነዳጅ መሙላት የምወደው ሥራ ነበር፤ አባዬ የሚሞላው እንደ ሌላ ሰው አይደለምና። መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲቆም ቀጂውን "ጨምርበት" ይለዋል። ደግሞ ሲቆም "ጨምርበት።" ከዚያ የእኔ ተራ ይመጣል፦ የኋላው መከላከያ ላይ ወጥቼ እዘላለሁ፣ አባዬ ከጎን ሆኖ መኪናውን ያወዛውዘዋል፣ ቤንዚኑ ውስጥ ጎርጎር ብሎ ቦታ ይለቃል፣ "አሁን ጨምርበት!" እስከ አፉ ድረስ፣ ጣት ሲከቱ እስኪነካ ድረስ። ለቧንቧ ሠራተኛ ያልሞላ ታንክ ታንክ አይደለም፤ ጎደሎ ከሆነ መስመሩ አየር ይይዛል፣ ውሃው ይንተፋተፋል። ቤታችን ጣሪያ ላይ ያለችውን የውሃ ታንክም የሚሞላት እየፈሰሰች ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስንከፍት ሽታው ከበፊቱ ብሶ ጠበቀን። ኤሊዋም በርታለች።

አባዬ በሩን እንደያዘ ቆመ። ያኔ ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትከሻው ሲወርድ አየሁ። አክስቴ ከበረንዳው ታያለች። ካንዴላ ሲጋራውን ደጅ አጥፍቶ ገባ።

"ትናንት ጠፍታ ነበር እኮ" አለ አባዬ። "ክዳን ቀየርኩ፣ ቱቦ ቀየርኩ፣ ከላይ እስከ ታች ሳሙና ቀባሁ። ምን ቀረ?"

"ሁልጊዜም እንደዚህ ናት" አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ስለ ኤሊዋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "እኔ የዘለልኩ ቀን አትበራም። በማግስቱ ነው የምትበራው።"

"ምን ላይ ነው የዘለልሽው?" አለ ካንዴላ።

መከላከያው ላይ ወጥቼ አሳየሁት። ጎርጎር የሚለውንም በአፌ አሰማሁት፣ "ጨምርበት!" የሚለውንም በአባዬ ድምፅ አልኩት። ካንዴላ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አባዬን አየ። ቦግ ይላል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ መጣበትና መኪናው ላይ ተደገፈ።

"እስከ አፉ ትሞላለህ እንዴ?"

"ታዲያ ታንክ እስከ የት ይሞላል?"

"ና ከሥር ግባ" አለው፤ አብረው ገቡ። አሁን አራት ጫማ ሆነ። ከታንኩ አጠገብ የታሰረ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል ጥቁር ሳጥን ፈትተው አወጡ። ካንዴላ ሳጥኑን አባዬ እጅ ላይ አስቀመጠው። "ምን ያህል ይከብዳል?"

"ከባድ ነው።"

"ባዶውን እንደ ዳቦ ነበር የሚቀለው። ውስጡ ያለው ከሰል ነው።"

ከሰል! መኪናችን ሆድ ውስጥ ከሰል እንዳለ ሰምቼ ልቤ ቆመች። አባዬ ሳጥኑን ሲያዘነብለው ውስጡ ቤንዚን ተንቦጫቦጨ፤ በቱቦው አፍም ከጥቁር ደቃቅ ጋር ጠብ ጠብ አለ።

"ከሰሉ ትነት ይይዛል፣ ሞተሩ ሲነሳ ትነቱን መጥጦ ያቃጥለዋል" አለ ካንዴላ። አሁን አይስቅም። "ትነት እንጂ ቤንዚን አይችልም። መቅጃው ቀጭ ሲል ቦታ ተውልኝ ማለቱ ነው። አንተ ስታስጨምርበት ትርፉ ወደዚህ ይመጣል። ከሰሉን አጥለቅልቀኸዋል፣ ወንድሜ። ክዳንህም ቱቦህም ያፈሱ ነበር፤ አፍንጫዋ ላይ የሚመጣው ግን ከዚህ ነው።"

አባዬ ሳጥኑን እንዳቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"እኔው ነኛ" አለ።

"ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚሞላው..."

"አይ፣ አልገባህም። ድሮ እንኳ እንዲህ አላደርግም ነበር፣ እንዲህ አብዝቼ። እሷ ከታመመች ወዲህ ነው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። የማደያው ሽታ አስመለሳት፤ ሰው ሁሉ እያያት። ከዚያ በኋላ ደርሶ መልስ መንገድ ላይ እንዳልቆም ብዬ ነው የማስጨምረው። እንዳይሸታት ብዬ።"

ካንዴላ ሰማይ ሰማይ አየ። አክስቴ ከበረንዳው ወርዳ መጣች። ትጮህበታለች ብዬ በመሀላቸው ቆምኩ። እሷ ግን አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ፣ በንጹሕ ቀሚሷ፣ ቁጭ አለች።

"ይሄ ዕቃ የት ይገኛል?" አለች። "ተነሳ፣ አብረን እንፈልገው።"

ያን ቀን የአሮጌ ዕቃ ሰፈሩን በሙሉ አዳረስነው። አክስቴ የምትከራከርበት አፍ ከአባዬ ስለሚሻል እሷ ከፊት ሄደች። አንድ ከኋላው ደህና፣ ከፊቱ የተጨፈለቀ የመኪናችን አምሳያ ላይ ሳጥኑ ተገኘ። ባለ ዕቃው አዲስ ነው ብሎ ሲምል አክስቴ ተቀብላ በእጇ መዘነችው፣ አሸተተችው፣ ጆሮዋ ላይ አንቀጫቀጨችው። እንደ ዳቦ ቀላል ነበር። አባዬ ሳይመሽ ገጠመው። ከታንኩ ቤንዚን ቀንሶ፣ መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ወንበሮቹን አውጥቶ በሳሙና አጠበ። በማግስቱ ኤሊዋ አልበራችም። ቀጠሮው ነገ ነው።

አባዬ እጁን ታጥቦ መኝታ ቤት ገባ። እኔም ተከትዬው ገብቼ በሩ ጋ ቆምኩ።

"መኪናው አይሸትም" አላት።

እማዬ ወደ ግድግዳው እንደዞረች "ባይሸትስ?" አለች።

"ሽታው ነው ብለሽኝ ነበር። ሽታውን አጠፋሁት። ሌላ ምክንያት ካለሽ ንገሪኝ። እሱንም ፈትቼ አየዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውንም። እኔ ሌላ ሥራ የለኝም።"

እማዬ ቀስ ብላ ዞረች። እሱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የተላጠ ክርኑን፣ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥቁር። ከዚያ እኔን አየች። ሸሚዙን ለብሼ፣ ግንባሬ አብጦ፣ ፊቴ ግሪስ ለብሶ ቆሜአለሁ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አልገባኝም።

"ሻርፔን አቀብዪኝ" አለችኝ።

ግቢ ወጣች። አባዬ በሩን ከፈተላት፣ ገብታ ተቀመጠች፣ ዘጋላት። በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"ይሸትሻል?"

እማዬ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። እኔ የራሴን ይዤ ነበር።

"አይሸትም" አለች። "ምንም አይሸትም።"

ከበር ወጥቼ ለሰፈሩ ሁሉ እናቴ ድናለች ብዬ አወጅሁ። በማግስቱ ሄዱ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ግን አባዬ በአንድ በኩል፣ አክስቴ በሌላ በኩል ደግፈዋታል። ባልዲው ወጣ። እንደዚያ ባለ ክሕደት ፊት ሰው ምን ያደርጋል? ሳሙና በጠበጥኩና ብሩሼን ይዤ መኪናውን ከመብራቱ ጀምሬ መቀባት ያዝኩ፤ በሩን፣ ጣሪያውን፣ ጎማውን፣ መስታወቱን። የሆነ ቦታ የሚተነፍስ ቀዳዳ ቀርቷል፣ አገኘዋለሁ። አባዬ ሲያገኘኝ እስከ ትከሻዬ አረፋ ሆኜ እያለቀስኩ ነበር። አልሳቀብኝም። ጨርቅ ይዞ መጣና ከሌላው ጎን ይቀባ ጀመር።

"መኪናው ድኗል" አለኝ ከመኪናው ማዶ። "እናትሽ ገና እየዳነች ነው። የእሷ ጊዜ ይፈጃል። እኛ ደግሞ እንወስዳታለን፣ እናመጣታለን።"

ወሰዷት፣ አመጧት። በእያንዳንዱ ጉዞ በሩን ሲዘጋ "ይሸትሻል?" ይላታል፤ "አይሸትም" ትለዋለች። አንድም ቀጠሮ አልቀረም።

ዓመታት አልፈው፣ ባለፈው ወር አባዬንና እማዬን በእኔ መኪና አክስቴ ቤት እየወሰድኳቸው ነበር። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አባዬ እንደ ልማዱ ወርዶ ቀጂው ራስ ላይ ቆመ። መቅጃው ቀጭ ሲል እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሳ፣ "በቃ! እንዳትጨምር!" ልጁ አልጨመረም፤ ማን ደፍሮ። አባዬ አላመነውም፣ መቅጃውን ራሱ ተቀብሎ ነቀለው።

እማዬ ከኋላ ወንበር በመስኮት ታየዋለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ያኔ ጠፍቶ የነበረው ፀጉር።

"ምስኪን" አለች። "ሽታው እኮ አልጠፋም ነበር።"

"የቱ ሽታ?"

"የዚያን ጊዜው። መጀመሪያ መኪናው ነበር ይሆናል፣ እንጃ። በኋላ ግን ነርሷ ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ አፍንጫ ያበላሻል። ሻዩ ቤንዚን፣ ሳሙናው ቤንዚን፣ ትራሴ ቤንዚን። ያንቺ ፀጉር ሳይቀር ቤንዚን ይሸተኝ ነበር።"

"የእኔ እንኳ እውነትም ይሸት ነበር።"

ሳቀች።

"ታዲያ ለምን አይሸትም አልሽው?"

"ምን ልበለው? ያን ሁሉ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ... ይሸታል ብለው ኖሮ እንደገና ሊፈታው ነው። መኪናው ብሎን በብሎን ያልቅ ነበር እንጂ እሱ አይተውም። እኔ ልተው ወስኜ ነበር፣ ልጄ። እሱ እንደማይተው ሳይ ጊዜ መተው አቃተኝ። ሽታውን ይዤ ሄድኩ።"

መኪናው ስለተጠገነ እናቴ ዳነች የሚለውን የልጅነት እምነቴን እኔው ራሴ ስስቅበት፣ ስተርከው ነበር የኖርኩት። ከዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረብኩት እኔ እንደነበርኩ ያን ዕለት ነው የገባኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ከአቅሜ በላይ እወዳቸዋለሁ።

አባዬ መጥቶ ከጎኔ ገባና በሩን ዘጋ። መቅጃውን የነቀለበት እጁ ረጥቧል፤ መኪናው በአንዴ ቤንዚን ቤንዚን አለ። ለእሱ አልታወቀውም። ወደ ኋላ ዞረ።

"ይሸትሻል?"

"ኧረ ምንም" አለች እማዬ።

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ?"

ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር።

"ምንም አይሸትም፣ አባዬ" አልኩና መኪናውን አስነሳሁ።